«የሞት ጥላ» ወይስ «ድቅድቅ ጨለማ»? በመዝሙር 23፥4 ላይ የአንድ የዕብራይስጥ ቃል ክለሳ

ጉዳዩ

ሦስት ሰዎች ለጥናት የሚያገለግል የአማርኛ ብሉይ ኪዳን ረቂቅ ይከልሱ ነበር። አንደኛው ዕብራይስጥ የተማረ ነው። ሁለተኛው ዳዊትን በግእዝ በቃላቸው የሚያውቁ የአብነት መምህር ናቸው። ሦስተኛዋ የአማርኛ አርታዒ ናት። ረቂቁ ከሚደርሳቸው አንባቢዎች መካከል እስራኤል አገር ያደጉ ወጣቶች ነበሩበት፤ ዕብራይስጡን በትምህርት ቤት ያነበቡ፣ አማርኛውን ከወላጆቻቸው የሰሙ ናቸው። እነዚህ አንባቢዎች ሁለቱን ጽሑፎች ጎን ለጎን ስለሚይዙ፣ የማይገጥም ቦታ ሁሉ ወዲያው ይታያቸዋል።

ክለሳው የቆመው በመዝሙር 23 ቁጥር 4 ላይ ነው። በግእዙ አቈጣጠር ይህ መዝሙር 22ኛው ነው። የ1954 ዓ.ም. የአማርኛ ትርጉም እንዲህ ይነበባል፦ «በሞት ጥላ መካከል እንኳ ብሄድ አንተ ከእኔ ጋር ነህና ክፉን አልፈራም»። ዕብራይስጡ ደግሞ «ጋም ኪ ኤሌኽ በጌ ጻልማዌት፣ ሎ ኢራ ራዕ» ይላል። ጥያቄው ስለ አንዱ ቃል ነበር፦ «ጻልማዌት» በእውነት «የሞት ጥላ» ማለት ነው? ሥራው ሲያልቅ ግን ትልቁ ጉድለት የተገኘው ከዚህ ቃል አጠገብ ባለው ሌላ ቃል ላይ ነው።

ዳራ፦ ቃሉ ወደ አማርኛ የመጣበት መንገድ

በጥንቱ ዕብራይስጥ ቃሉ የሚጻፈው በአምስት ፊደላት ብቻ ነው፦ ጻዴ፣ ላሜድ፣ ሜም፣ ዋው፣ ታው። አናባቢ አልነበረውም። ዛሬ የምናየውን አናባቢ የጨመሩት ማሶሬታውያን የተባሉት፣ የዕብራይስጡን ንባብ ጠብቀው ያስተላለፉ የአይሁድ ሊቃውንት ናቸው፤ የጥብርያዶስ ሊቃውንቱ ሥራ የተጠናቀቀው በ10ኛው መቶ ዘመን ገደማ ነው። እነርሱ ቃሉን «ጼል» (ጥላ) እና «ማዌት» (ሞት) ተጣምረው እንደተሠራ አድርገው «ጻልማዌት» ብለው አነበቡት።

ይህ ንባብ ግን የእነርሱ ፈጠራ አይደለም። ከክርስቶስ ልደት በፊት ዕብራይስጡን ወደ ግሪክ የመለሱት የሰባ ሊቃናት ተርጓሚዎችም በዚህ ቦታ «ኤን ሜሶ ስኪያስ ታናቱ» ብለዋል፤ «በሞት ጥላ መካከል» ማለት ነው። የግእዙ ዳዊት የተተረጎመው ከግሪኩ ስለሆነ «እመኒ ሖርኩ ማእከለ ጽላሎተ ሞት» ይላል። የግእዙ ተርጓሚ አልተሳሳተም፤ ከፊቱ የነበረውን ግሪክ ቃል በቃል አድርሷል። የ1954ቱ አማርኛ የመዝሙሮቹን ቁጥር በዕብራይስጡ ቢከተልም፣ በዚህ ቁጥር የግእዙን ሐረግ እንዳለ ይዞ ቀርቷል። «መካከል» የሚለው ቃል ይህን ያጋልጣል፤ በዕብራይስጡ በዚያ ቦታ «መካከል» የሚል የለም።

ሌላው ንባብ ደግሞ ቃሉን ለሁለት ሳይከፍል አንድ ሥር ይፈልግለታል። አምስቱ ፊደላት በሌላ አናባቢ «ጻልሙት» ተብለው ሊነበቡ ይችላሉ። «-ኡት» በዕብራይስጥ ረቂቅ ስም የሚሠራ መድረሻ ነው፤ «ማልኹት» (መንግሥት) የሚለውን ያስታውሷል፡፡ ሥሩም «ጸ-ለ-መ» ይሆናል፤ ትርጉሙ መጨለም፣ መጥቈር። ይህ ሥር ለአማርኛ ተናጋሪ ባዕድ አይደለም። በግእዝ ጸልመ፣ ጽልመት፣ ጸሊም አለ። በትግርኛ ጸልማት እስከ ዛሬ የዕለት ቃል ነው። በአማርኛ «ጸ» ወደ «ጨ» ተለውጦ ጨለመ፣ ጨለማ ሆኗል። በዐረብኛ ዙልማ፣ በጥንቱ የሜሶጶጣሚያ ቋንቋ በአካድኛ ጻልሙ (ጥቁር) ይባላል።

ይህ ንባብ ብዙዎች እንደሚያስቡት የዘመናችን ፈረንጅ ሊቃውንት ግኝት ብቻ አይደለም። የመካከለኛው ዘመን አይሁዳዊ የመጻሕፍት ተርጓሚ ራሺ (1040–1105) በዚሁ ቁጥር ትርጓሜው ላይ ጻልማዌት በተጻፈበት ሁሉ የጨለማ ቃል መሆኑን ጽፎ፣ ፍቺውን በ10ኛው መቶ ዘመን ለኖረው ሰዋስው አዋቂ ለዱናሽ ቤን ላብራት ይሰጣል። ዘመናዊ ትርጉሞችም ለሁለት ተከፍለዋል። የ1611ዱ የእንግሊዝኛ ትርጉም «የሞት ጥላ ሸለቆ» ሲል፣ በአሜሪካ የታተመው የ1985ቱ የአይሁድ ትርጉም «እጅግ ጨለማ የሆነ ሸለቆ» ብሏል።

ችግሩ

ችግሩ ሦስት ገጽ ነበረው።

የመጀመሪያው የቋንቋ ነው። በአማርኛ «ጥላ» ሲባል ቀድሞ የሚመጣው በጎው ነገር ነው፦ የዋርካ ጥላ፣ ጥላ ከለላ፣ ከታቦት በላይ የሚያዘው ጥላ። በዕብራይስጥ መዝሙራትም እንዲሁ ነው። «ጼል» በመዝሙር 17፥8 የክንፎቹ ጥላ፣ በ91፥1 ሁሉን የሚችለው አምላክ ጥላ ነው፤ መጠጊያ ማለት ነው። በ144፥4 ደግሞ እንደሚያልፍ ጥላ የሆነውን የሰው ዘመን ያመለክታል። መጠጊያ ወይም አላፊ ነገር ነው እንጂ ለብቻው አስፈሪ አይደለም። «የሞት ጥላ» ስንል አስፈሪነቱን የሚሰጠው ሞት የሚለው ቃል ብቻ ነው። በመዝሙሩ ውስጥ ግን ሞት በዚያ ቦታ መኖሩ ነው ጥያቄው።

ሁለተኛው የአጠቃቀም ነው። ይህ ቁጥር በለቅሶ ቤት፣ በሕመምተኛ አልጋ አጠገብ፣ በመቃብር ላይ ይነበባል። ሞትን ከቃሉ ማውጣት ማለት ሐዘንተኛው ከሚደገፍበት ምርኩዝ አንዱን መንካት ነው። ይህን የረሳ ክለሳ፣ ዕብራይስጡ ቢቀናለትም፣ ሥራውን በትክክል ሠርቷል አይባልም።

ሦስተኛው ዕብራይስጥ የሚናገሩት ወጣቶች ናቸው። በዛሬው ዕብራይስጥ ጻልማዌት ሲባል ጆሮ የሚሰማው «ጼል» እና «ማዌት» ነው። ስለዚህ «ድቅድቅ ጨለማ» የሚል አማርኛ ሲያዩ ተርጓሚው የተሳሳተ ይመስላቸዋል። ማብራሪያ የሌለው ለውጥ እምነት ያሳጣል።

የተወሰዱ እርምጃዎች

አንደኛ፣ ቃሉ የሚገኝበት ቦታ ሁሉ ተሰበሰበ። ፍለጋው የተሠራው በዕብራይስጡ ቃል ነው እንጂ «የሞት ጥላ» በሚለው አማርኛ አይደለም፤ በአማርኛ የሚፈልግ ሰው ተርጓሚው በሌላ ቃል የመለሰውን ቦታ ያጣል። ጻልማዌት በዕብራይስጥ መጽሐፍ ቅዱስ 18 ጊዜ ይገኛል፦ 10 ጊዜ በኢዮብ (3፥5፤ 10፥21፤ 10፥22፤ 12፥22፤ 16፥16፤ በ24፥17 ሁለት ጊዜ፤ 28፥3፤ 34፥22፤ 38፥17)፣ 4 ጊዜ በመዝሙራት (23፥4፤ 44፥19፤ 107፥10፤ 107፥14)፣ 1 ጊዜ በኢሳይያስ (9፥2)፣ 2 ጊዜ በኤርምያስ (2፥6፤ 13፥16)፣ 1 ጊዜ በአሞጽ (5፥8)። እዚህ ላይ የሚያሰናክል ነገር አለ። የመዝሙር 44ቱ ቁጥር በዕብራይስጡ 20፣ የኢሳይያሱ በዕብራይስጡ 9፥1 ነው። የሁለቱን አቈጣጠር ልዩነት ያላስተዋለ ሰው እነዚህን ሁለቱን «አላገኘሁም» ብሎ ይዘላቸዋል።

ሁለተኛ፣ ለእያንዳንዱ ቦታ በወረቀት ላይ አራት ዓምድ ተሠመረ። በመጀመሪያው ዓምድ አብሮ የቆመው ተጓዳኝ ቃል ተጻፈ። በሁለተኛው ብርሃን፣ ንጋት፣ ሌሊት ወይም ጨለማ በዚያው ቁጥር መጠቀሱ፣ በሦስተኛው «ሞት» የሚለው ቃል ለብቻው መጠቀሱ ተመዘገበ። አራተኛው ዓምድ ለመተኪያ ፈተና ነበር፤ በዚያ ቦታ «የሞት ጥላ» እና «ድቅድቅ ጨለማ» ተራ በተራ ገብተው ተነበቡ።

የዕብራይስጥ ግጥም ሐሳቡን በሁለት ጎን ስለሚደግመው የመጀመሪያው ዓምድ ብዙ ይናገራል። ውጤቱም ግልጽ ነበር። ከ18ቱ በ13ቱ የጨለማ ወይም የብርሃን ቃል በዚያው ቁጥር አለ። ከእነዚህ በስምንቱ ጨለማን የሚጠራው የተለመደው ስም «ሖሼኽ» ራሱ ይገኛል። «ሞት» ለብቻው አብሮ የተጠቀሰው ግን በአንድ ቦታ ብቻ ነው፤ በኢዮብ 38፥17፣ የሞት ደጆችና የጻልማዌት ደጆች በተጓደኑበት።

ዝርዝሩን ማየት ከቍጥሩ የበለጠ ያሳምናል። አሞጽ 5፥8 ፈጣሪን ጻልማዌትን ወደ ንጋት የሚለውጥ፣ ቀኑንም ወደ ሌሊት የሚያጨልም ይለዋል። ሌሊት ነግቶ፣ ቀን መሽቶ ነው ያለው፤ ሞት እዚህ ምን ያደርጋል? ኢዮብ 28፥3 ስለ ማዕድን ቈፋሪዎች ነው። ሰው ጨለማውን ገፍቶ፣ በድቅድቁ ውስጥ ያለውን ድንጋይ እስከ መጨረሻው ይፈልጋል። የጉድጓድ ጨለማ ነው። ኢዮብ 24፥17 ሌሊት ስለሚሠሩ ክፉዎች ሲናገር ንጋት ለእነርሱ እንደ ጻልማዌት እንደሆነ ይናገራል። ኢዮብ 16፥16 ፊቱ በልቅሶ የቀላ ሰው በሽፋሽፍቱ ላይ ጻልማዌት እንዳለ ይገልጻል፤ ዓይኑ ጨልሟል። መዝሙር 107፥10 በብረትና በችግር ታስረው በጨለማ የተቀመጡትን ያሳያል፤ ወህኒ ቤት ነው። በእነዚህ ሁሉ «ድቅድቅ ጨለማ» ያለ ምንም ግፊት ይገባል። «የሞት ጥላ» ደግሞ ስናነበው ስለለመድነው ብቻ ያልፋል።

ሦስተኛ፣ የግእዝ ማስረጃ ተመዘነ። የአብነት መምህሩ ያነሡት ነጥብ ለሥራው ወሳኝ ሆነ። ግእዝ ሁለቱን ሥሮች ለይቶ ይዟል። ጥላ ከጸለለ ሲወጣ ጽላሎት ይሆናል፤ ጨለማ ከጸልመ ሲወጣ ጽልመት ይሆናል። አማርኛም ለይቷቸዋል፤ የመጀመሪያው ጥላ፣ ሁለተኛው ጨለማ ሆኗል። በዕብራይስጥ ፊደል ግን ሁለቱም በጻዴና በላሜድ ስለሚጀምሩ ተቀላቀሉ። አንድ የግእዝ ተማሪ «ጽላሎት» እና «ጽልመት» ለየቅል መሆናቸውን በሕፃንነቱ ስለሚያውቅ፣ ይህን ክርክር ከብዙ የውጭ አገር ተማሪ ፈጥኖ ይረዳዋል።

እዚህ ላይ ግን አንድ ወጥመድ ነበር። «ጽልመት» በፊደል ጸ-ለ-መ-ት ነው፤ ጻልማዌትም ጻዴ-ላሜድ-ሜም-ዋው-ታው። መሳሳባቸው እጅግ ያጓጓል። ይሁን እንጂ ዕብራይስጡ አንድ ዋው ይበልጣል፤ ያ ዋው መገለጽ አለበት። በ«-ኡት» መድረሻ ከተወሰደ ይገለጻል፤ በ«ማዌት» ከተወሰደም ይገለጻል። ስለዚህ የሥር ንጽጽር ሊሆን የሚችለውን ያሳያል እንጂ ለብቻው አይፈርድም። ሌላም ተቃውሞ አለ፤ ጸ-ለ-መ «መጨለም» በሚል ትርጉም በዕብራይስጥ መጽሐፍ ውስጥ በሌላ ቦታ በእርግጠኝነት አይታይም። በተጨማሪ መዝገበ ቃላት ሲገለጥ ከዚህ ሥር ጋር በፊደል አንድ የሆነ «ጼሌም» (ምስል፣ መልክ) የሚል ቃል ይገኛል። ጀማሪ ሁለቱን እንዳይቀላቅል መጠንቀቅ አለበት።

አራተኛ፣ መካከለኛው መንገድ ተፈተሸ። አንዳንድ የቋንቋ ሊቃውንት ቃሉ በእርግጥ ከጥላና ከሞት ተጣምሯል፣ ነገር ግን «ሞት» እዚህ የመጠን መግለጫ ነው ይላሉ። በዮናስ 4፥9 ነቢዩ «እስከ ሞት ድረስ» እንደተቈጣ ሲናገር ቊጣው እጅግ መብለጡን መግለጹ ነው። አማርኛም ይህን ያውቀዋል፤ «የሞት ሞቴን ተነሣሁ» የሚል ሰው ስለ አስከሬን አያወራም፣ በመጨረሻ ዐቅሙ መነሣቱን ነው የሚናገረው። በዚህ አካሄድ ጻልማዌት «የመጨረሻው ጥላ» ማለትም ድቅድቅ ጨለማ ይሆናል። የቃሉ አሠራር ሌላ፣ ትርጉሙ ግን ከሁለተኛው ንባብ ጋር አንድ። ይህ ለክለሳው ትልቅ እፎይታ ነበር፤ ሥሩ ላይ የማይስማሙ ሰዎች በትርጉሙ ላይ ሊስማሙ ይችላሉ ማለት ነው።

አምስተኛ፣ ጎረቤት ቃላት ተመረመሩ። ክለሳው ያልጠበቀውን ነገር ያገኘው እዚህ ነው። ዕብራይስጡ «በጌ ጻልማዌት» ይላል። «ጌ» ሸለቆ ነው፤ ግራና ቀኙ ገደል የሆነ ጠባብ ሸለቆ። ይህን ቃል አማርኛ አንባቢ ሳያውቀው ይዞታል፤ ከኢየሩሳሌም በስተደቡብ ያለው ጌ ሂኖም፣ የሂኖም ሸለቆ፣ «ገሃነም» ሆኖልናል። ሰባ ሊቃናት ግን «በመካከል» ብለዋል። ዮድና ዋው በጥንቱ አጻጻፍ በቀላሉ ስለሚምታቱ፣ «ሸለቆ» የሚለውን «ውስጥ» ወይም «መካከል» ከሚል ቃል ጋር አቀላቅለው አንብበውት ሊሆን ይችላል። ምክንያቱ ምንም ይሁን፣ በግሪኩ ሸለቆው ጠፋ፣ በግእዙ ጠፋ፣ በ1954ቱ አማርኛም ጠፋ።

ይህ ቀላል ነገር አይደለም። መዝሙሩ የእረኛ መዝሙር ነው። በቁጥር 2 ለምለም መስክና የዕረፍት ውሃ አለ፣ በቁጥር 3 መንገድ አለ፣ በቁጥር 4 በትርና ምርኩዝ አለ። እረኛ መንጋውን ይዞ ከመስክ ወደ መስክ ሲያልፍ ጠባብ ሸለቆ ውስጥ ይገባል። ፀሐይ አትደርስበትም፣ አውሬ ይደበቅበታል፣ በጉም መውጫ የለውም። «መካከል» የሚለው ቃል ይህን መልክዓ ምድር ያጠፋዋል፤ በጉ የሚሄድበት ቦታ ይጠፋል። ቆላና ደጋውን፣ ገደሉንና ሸለቆውን ለሚያውቅ አገር አንባቢ ይህ ሥዕል ሊጎድል አይገባም ነበር።

ስድስተኛ፣ የአማርኛው ቃል ተመረጠ። «በጨለማ ሸለቆ» ተሞከረ፤ ደካማ ሆነ፣ ማታ ላይ በሸለቆ ያለፈ ሰው ይመስላል። «በጽልመት ሸለቆ» ተሞከረ፤ ሥሩን ያሳያል፣ ግን የቤተ ክህነት ትምህርት የሌለውን አንባቢ ያቆመዋል። «በድቅድቅ ጨለማ ሸለቆ» ሲነበብ ጆሮ ተቀበለው። «ድቅድቅ» ከጨለማ በቀር ከሌላ ቃል ጋር ብዙም ስለማይሄድ አንባቢው ሁለተኛውን ቃል ሳይደርስበት ይጠብቀዋል። «ገደል» የሚለውም ታይቶ ነበር፤ ግን ገደል የሚወድቁበት እንጂ የሚሄዱበት አይደለም።

የሠራው

ቃሉን በ18ቱም ቦታ ማየት ከሁሉ የበለጠ ሠራ። በአንድ ቁጥር ላይ ቆሞ መከራከር ቢቀጥል ኖሮ ሁለቱም ወገን እስከ መጨረሻው ማስረጃ ያለው ይመስለው ነበር፤ መዝሙር 23 ራሱ ጨለማንም ሞትንም በስም አይጠራምና።

ሁለተኛው የሠራው ነገር የግርጌ ማስታወሻውን በአንድምታ አገባብ መጻፍ ነው። የአገራችን የመጻሕፍት ትርጓሜ አንድን ቃል ፈትቶ «አንድም» ብሎ ሌላውን ፍቺ ይጨምራል። ይህ አንባቢው ለዘመናት የለመደው መንገድ ስለሆነ፣ ሁለት ንባብ ጎን ለጎን መቀመጡ ተርጓሚው እንዳልወሰነ አይቈጠርበትም። በሐዘን ቤት ለሚያነበውም «የሞት ጥላ» ከገጹ አልጠፋበትም።

የግእዙ ንባብ እንዳለ መተዉም ትክክል ነበር። የግእዝ ዳዊት የራሱ ምስክር ነው፤ በ1513 ዓ.ም. በፈረንጆች አቈጣጠር በሮም ሲታተም በግእዝ ለመጀመሪያ ጊዜ የታተመ መጽሐፍ ሆኗል፤ ከዚያ በፊትም በብራና ለዘመናት ተደግሟል። ከዕብራይስጡ ጋር ለማስማማት ብሎ ግእዙን ማረም ማለት የግሪኩን ምስክርነት ማጥፋት ይሆናል።

ያልሠራው

መጀመሪያ የታሰበው ቃሉን በ18ቱም ቦታ በአንድ አማርኛ መመለስ ነበር። አልሆነም። ኤርምያስ 2፥6 ስለ ምድረ በዳ ነው፤ ጕድጓድ የበዛበት፣ ውሃ የሌለበት ምድር። ፀሐይ በሚያነድድበት ቦታ «ድቅድቅ ጨለማ» ጆሮ ላይ ይቈጠቊጣል፤ እዚያ የሚስማማው የሞት ሥጋት ነው። ኢዮብ 38፥17ም «ሞት» በአጠገቡ ስላለ «የሞት ጥላ» ብሎ መተው ይሻላል። አንድ ቃል በብዙ ቦታ አንድ ዓይነት መተርጐሙ ለአጥኚ ምቹ ነው፤ ግጥምን ግን አንዳንዴ ይሰብረዋል።

ከሁሉ የከበደው ኢሳይያስ 9፥2 ነበር። በዕብራይስጡ ቃሉ ከ«ሖሼኽ» ጋር ስለሚጓደን «ድቅድቅ ጨለማ» በትክክል ይገባል። ነገር ግን ማቴዎስ 4፥16 ይህን ቁጥር ጠቅሶ በግሪክ «በሞት አገርና ጥላ» ይላል፤ ሉቃስ 1፥79ም «በጨለማና በሞት ጥላ» ብሎ ያንኑ ሐረግ ያስተጋባል። በሐዲስ ኪዳኑ ግሪክ ሞት በግልጽ አለ፤ እዚያ መለወጥ አይቻልም። ስለዚህ ኢሳይያስ ከተለወጠ የወንጌሉ አንባቢ ጥቅሱን ወደ ኋላ ሄዶ ሲፈልግ ላያገኘው ይችላል። ረቂቁ ኢሳይያስን ሳይነካ ማስታወሻ ብቻ ጨመረበት። ይህ ከመዝሙሩ ጋር እንደማይገጥም የታወቀ ነው፤ ግን የሚያስከፍለው ዋጋ አነስተኛ ሆኖ ተገኘ።

የመጀመሪያው የግርጌ ማስታወሻም ወድቋል። አካድኛ፣ ዐረብኛ፣ ኡጋሪትኛ ሁሉ ተዘርዝረውበት ግማሽ ገጽ ሞልቶ ነበር። አርታዒዋ ወደ ሁለት መስመር አወረደችው። አንባቢ ማስታወሻ የሚያየው ንባቡን ላለማቋረጥ ዓይኑን ለአፍታ ዝቅ አድርጎ ነው፤ ከሁለት ሦስት መስመር ካለፈ ሳያነበው ይመለሳል።

ለሌላ ጥቅስ የሚሻገር

ከቃል በፊት መንገዱን መለየት ያስፈልጋል። በአማርኛ መዝሙራት ላይ እንግዳ የሚመስል ነገር ሲገኝ መጀመሪያ የሚጠየቀው «ዕብራይስጡ ምን ይላል» ሳይሆን «ይህ ሐረግ በየት በኩል መጣ» የሚለው ነው። ዕብራይስጥ፣ ግሪክ፣ ግእዝ፣ አማርኛ በአንድ ገጽ ላይ በአራት መስመር ቢጻፉ፣ ልዩነቱ የተፈጠረበት መስመር በዓይን ይታያል። በዚህ ጉዳይ «መካከል» ከግሪኩ መስመር ላይ መነሣቱ የታየው በዚህ መንገድ ነው። ግእዙ ከግሪኩ ጋር ከገጠመ ስሕተቱ የግእዙ ተርጓሚ አይደለም፤ ወደ ኋላ መሄድ ነው።

የሥር ንጽጽር በጣም ያስደስታል፤ በተለይ መልሱ በራስ ቋንቋ ውስጥ ሲገኝ። የሚያሳስተውም በዚያው ልክ ነው። ደንቡ ይህ ቢሆን ይበጃል፦ ሥሩ ሊሆኑ የሚችሉትን ፍቺዎች ይሰጣል፣ አብሮ የቆመው ቃል ይመርጣል። ዐውዱ ከሥሩ ጋር ሲጋጭ ዐውዱ ይበልጣል። የጥንቱ ተርጓሚ ምስክርነት ደግሞ በቀላሉ አይጣልም፤ ከማሶሬታውያን በአንድ ሺህ ዓመት ገደማ የሚቀድም ንባብ ስሕተት ቢሆን እንኳ ሰዎች ቃሉን እንዴት ይሰሙት እንደነበር ይነግራል።

አንድን ቃል ለማረም የተነሣ ሰው ከግራና ቀኙ ያሉትን ቢያንስ ሁለት ሁለት ቃላት አብሮ ይመርምር። ትኩረት በአንድ ቃል ላይ ሲተከል የጎረቤቱ ጉድለት አይታይም። በዚህ ክለሳ ለሳምንታት ሲያከራክር የነበረው ጻልማዌት በሁለቱም ንባብ ሊቆም ይችላል፤ የሸለቆው መጥፋት ግን ምንም መከላከያ የለውም። ዕብራይስጡ ላይ ቁልጭ ብሎ አለ።

በመጨረሻም ሕዝብ በቃሉ የያዘውን ሐረግ መለወጥ የሚቻለው ለምን ዓይነት ንባብ እንደሚሆን ተለይቶ ነው። ለጥናት የሚሆን ጽሑፍ ይለወጣል፤ ለጸሎት የሚደገመው በግእዝም ሆነ በአማርኛ በሰው አፍ ላይ ያለውን ይዞ ይቈያል። ይህን መለየት ፍርሃት አይደለም። አያት በአልጋዋ ላይ ሆና «በሞት ጥላ መካከል እንኳ ብሄድ» ስትል የምታነበው ከማስታወሻ ጋር አይደለም።

የተወሰነው ጽሑፍ

በረቂቁ ላይ ቁጥር 4 የቆመው እንዲህ ነው፦

«በድቅድቅ ጨለማ ሸለቆ ውስጥ እንኳ ብሄድ አንተ ከእኔ ጋር ነህና ክፉን አልፈራም፤ በትርህና ምርኩዝህ እነርሱ ያጸናኑኛል።»

የግርጌ ማስታወሻው፦ «ድቅድቅ ጨለማ፦ ዕብራይስጡ ጻልማዌት፤ ከጸልመ ጋር ይዛመዳል። አንድም የሞት ጥላ ማለት ነው፤ ሰባ ሊቃናትና ግእዙ እንዲህ ይላሉ። ሸለቆ የሚለው በግሪኩና በግእዙ የለም።»

መዝሙር 107፥10 እና 14 በዚሁ አካሄድ «በጨለማና በድቅድቅ ጨለማ» ሊባሉ ነበር፤ ነገር ግን ድግግሞሹ ለጆሮ ከበደ። አርታዒዋ «በጨለማና በጽልመት» የሚለውን አቅርባለች፤ በመዝሙር 23 የተጣለው ቃል እዚህ ከ«ጨለማ» ጋር ተጓድኖ ሲቆም አንባቢን አያሰናክልም። መምህሩም ተስማምተውበታል። ዕብራይስጥ የሚያውቀው ግን ሁለቱ መዝሙራት በአንድ ቃል ካልተመለሱ እስራኤል ያሉት አንባቢዎች አንድ ቃል መሆኑን አያውቁትም በማለት ሁለቱም ላይ ማስታወሻ እንዲገባ ጠይቋል፤ ገብቷል።